ከበሮውና ወለሉ

ሳፊያ መጀመሪያ ያየችው ውሃውን ነው።

የእህቷ የዘይነባ ሰርግ ነበር። ሆጤ ሰፈር ባለው የአባቷ አሮጌ ቤት ደርብ ላይ ሴቶቹ ሙሽራዋን ከበው እየዘፈኑ ጣውላውን በእግራቸው ይደልቃሉ። ግድግዳው ጥግ የተቀመጠው ጆግ ውስጥ ያለው ውሃ ጸጥ ብሏል። መሃል ላይ ሙሽራዋ አጠገብ ባለው ጆግ ውስጥ ግን ውሃው በክብ በክብ እየተነሳ ከአፉ ይፈናጠራል።

ሳፊያ ኮምቦልቻ ፊዚክስ ታስተምራለች። ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በየምላሹ ልክ በሰዓቱ ከገፉት፣ ትንሿ ግፊት እየተጠራቀመች ሰማይ ታደርሰዋለች፤ ለተማሪዎቿ ሁልጊዜ የምትነግራቸው ይኸንን ነው። ማንኛውም ነገር የሚወዛወዝበት የራሱ ልክ አለው። ወለልም አለው።

ተጠንቅቃ አስተዋለች። ሴቶቹ አልበዙም፣ ከበሮውም አልፈጠነም፤ ውሃው ግን በየምቱ ከፍ እያለ ነው፤ ምቱ የወለሉን ልክ አግኝቶታል። ጣውላው እግሯን ወደ ላይ ሲገፋትና መልሶ ሲከዳት ተሰማት።

ከዚያ ጣውላ ሥር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ አባቷ አባ ሙሄዲን ተኝተዋል። ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም። ድንኳን ውጭ ተጥሎ ሳለ ዘፈኑ ደርብ ላይ የሆነው በእሳቸው ቃል ነው፤ «ወጥቼ ካላየሁ፣ በራሴ ላይ ይጨፈርልኝ፤ ልስማው» ብለው።

ከበሮ ወደሚመቱት አክስቷ ወደ ፋጡማ ተጠጋች።

«አክስቴ፣ አንዴ ያቁሙት! ወለሉ አልቻለም!»

«ኧረ አብሽሪ! እኔ ስዳርም እዚሁ ተደልቋል፤ ያኔ ደግሞ ውፍረቴን አላየሽ!» ሴቶቹ ሳቁ። «ደግሞ በእኛ ቤት ወንዶቹ ሳይደርሱ የሙሽራ ከበሮ ቆሞ ያውቃል? የእህትሽን ገድ ልታበላሺ ነው?»

ዘይነባ በመሸፈኛዋ ሥር አፈጠጠችባት። ከጣውላው በታች አንድ ነገር ቀጭ አለ። ከሳፊያ በቀር ማንም አልሰማም።

«እንግዲያው ለእህቴ እኔ ልምታላት» አለችና ከበሮውን ከአክስቷ አንገት አወለቀች።

ምቱን በነበረበት ተቀበለችው። ከዚያ አንዱን አዘገየች፣ ቀጣዩን አስቀደመች። እግሮቹ ተበታተኑ፤ የአንዷ ሲያርፍ የሌላዋ ይነሳል።

«ምኑን ነው የምትመቺው? ኮምቦልቻ እጅሽን ወሰደብሽ?» አሉ አክስቷ።

«ያነክሳል እኮ!» አለች አንዷ።

የሳፊያ ዓይን ውሃው ላይ ነው። ወረደ። አንዲት ሴት በቀድሞው ምት ማጨብጨብ ስትጀምር ግን መልሶ ተነሳ። በዚህ ብዙ እንደማትዘልቅ ገባት። ከበሮው መቆም ባይችልም መሄድ ይችላል። እየመታች ወደ ደረጃው አፈገፈገች፤ «ወደ ድንኳኑ!» አለች። ከበሮውን ተከትለው፣ ሙሽራዋን ይዘው፣ እየዘፈኑ ወረዱ። ድንኳኑ በር ላይ ከበሮውን ለአክስቷ መልሳ ወደ አባቷ ሮጠች።

አባ ሙሄዲን ጋቢያቸውም ቅንድባቸውም አቧራ ለብሷል። ፊታቸው ግን ፈክቷል።

«ምነው ወረዱ? ወላሂ ደስ ሲል! አልጋዬም አብሮ ይጨፍር ነበር እኮ፣ ልጄ።»

ቀና አለች። ጣውላውን የተሸከመው ግንድ ከራሳቸው በላይ ተተርትሯል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል።

አክስቷ ከበሮውን እየመቱ፣ ሊቆጧት ተከትለዋት ገቡ። የሳፊያን ዓይን ተከትለው ወደ ላይ አዩ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ውጭ የመኪና ክላክስ ጮኸ። ሚዜዎቹ ሙሽራዋ ደርብ ላይ ያለች መስሏቸው፣ እየዘፈኑ፣ እግራቸውን በአንድ ምት እየደለቁ ደረጃውን መውጣት ጀመሩ።

«አክስቴ፣ ሚዜዎቹ!»

ፋጡማ ከበሮውን ጥለው ወጡ። «ውረዱ! ድንኳን ናት! ውረዱ እላችኋለሁ!»

ሳፊያ የአልጋውን ራስጌ ይዛ ጎተተች። ከላይ አንድ እግር ጣውላው ላይ አረፈ። አቧራው ፀጉሯ ላይ ፈሰሰ። እየጎተተች ሁለተኛውን እግር ጠበቀች።

እግሩ ተመለሰ። የሚዜዎቹም፣ የድንኳኑም ዘፈን ጸጥ አለ።

«ምነው ዝም አሉ?» አሉ አባቷ።

ሳፊያ አልጋውን ወደ በሩ መጎተቷን ቀጠለች።