ከፊርማው በኋላ የመጣ ነጥብ

ንዳሃፋ የፀሐይዋ ምስል ያረፈበትን ነጭ ወረቀት ነቀነቀችው፤ ምስሉ ላይ ያየችው አዲስ ነጥብ ንቅንቅ አላለም። የቴሌስኮፑን መመልከቻ መስታወት አዞረችው፤ ነጥቡ አብሮ አልዞረም። እንግዲህ የወረቀት እድፍም የመስታወት ጉድፍም አይደለም፣ ፀሐይዋ ላይ ያለ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስትስል ግን አልነበረም! አሁን ጠዋት ከሳለችው ትልቅ ጥቁር ነጥብ ጎን ተለጥፎ ያብጣል። እንዲህ ያለው ሲፈነዳ የሩቅ ሬዲዮ ሁሉ ድምፁ ይጠፋል።

"ታቴ፣ ይምጡና ይዩልኝ!"

በአገሩ ልማድ 'ታቴ'፣ አባት፣ የምትላቸው አለቃዋ ሺቮሎ ከናሚብ በረሃ ዳር ባለው በዚህ ኮረብታ ላይ ሠላሳ ዓመት ፀሐይን በእርሳስ ሲስሉ የኖሩ ናቸው። ቀና እንኳ አላሉም።

"ፈርመሻል?"

"ፈርሜያለሁ፣ ግን..."

"የተፈረመ ሥዕል አይነካም። በቀን አንድ ሥዕል ነው። ማስጠንቀቂያም ከሥዕሉ ውጭ አይወጣም። ነገ ትስይዋለሽ።"

"ነገማ ምን ሊረባኝ? ናታንግዌ እኮ ሊነሳ ነው!"

ናታንግዌ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ባሕሩ ዳርቻ መድኃኒት ያመላልሳል። እዚያ ጉም ድንገት ማረፊያውን ሲሸፍነው "ተመለስ" የሚሉት በሬዲዮ ነው። ሬዲዮው ከጠፋ ሳያውቅ እዚያው ድረስ ይሄዳል፤ መመለሻ ነዳጅ ደግሞ አይዝም፤ በነዳጁ ፈንታ ለጓደኞቹ ቢራ ይጭናል።

ሽማግሌውም በከንቱ ግግም አላሉም። ባለፈው ወር ንዳሃፋ የመስታወት ጉድፍ የፀሐይ ነጥብ መስሏት አውሮፕላኑን ግማሽ ቀን አስቁማለች። ወይ ጉድ፣ እንዴት ተሳቀባት! ከዚያ ወዲህ አየር ማረፊያው ውስጥ "ሜሜ ንዳሃፋ" ብሎ የሚያከብራት ጠፍቶ ስሟ "ጉድፏ" ሆኖ ቀረ።

ስልክ ደወለች።

"ጉድፏ! ዛሬስ ምን ታየሽ?" አለ ወንድሟ። ከኋላው ሰዎች ይስቃሉ።

"ቀልዱን ተወው። ዛሬ በረራው ይቅርብህ።"

"እትዬ፣ የጠዋቱ ሥዕልሽ በስልኬ ደርሶኛል። 'ሰላም ነው' ይላል፣ ፈርመሽበታል። የቱን ልመን?"

ፊርማዋን መካድ አትችልም። "እሺ፣ ሂድ። ግን የጓደኞችህን የቢራ ሳጥኖች አውርድና በምትኩ መመለሻ ነዳጅ ሙላ።"

"ሲስቁብኝ ሊውሉ ነው እኮ!"

"ይሳቁ! በእናታችን ሞት!"

"ኡፋ! እሺ፣ ነዝናዛ" አለና ዘጋው። ከልቡ ይሁን ዝም ሊያሰኛት፣ አላወቀችም።

አምስት ሰዓት ላይ መደርደሪያው ላይ ሲንጫጫ የነበረው ሬዲዮ ጭጭ አለ። ንዳሃፋ ቁልፉን ብታዞር ብትመታው፣ ወይ ፍንክች! ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ በር ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ቢራውን ባያወርድስ? ወዲያው ከባሕሩ ዳርቻ ተደወለ፤ ማረፊያውን ጉም ውጦታል፣ ናታንግዌንም በሬዲዮ ቢጠሩት አይመልስም።

"አንድ ነጥብ ቢጨመርበት ወረቀቱ ይሞት ነበር?" ብላ ታቴ ሺቮሎ ላይ ጮኸች። ጮኻባቸው አታውቅም። እሳቸው የተቀረጸ እርሳሳቸውን መልሰው መላልሰው ይቀርጻሉ።

ሰባት ሰዓት ሊሞላ ሲል ስልኩ ጮኸ። ሽማግሌው ቀድመዋት አነሱ።

"ጉድፏን አቅርቡልኝማ!" የናታንግዌ ድምፅ ነው። "ጉሙ ላይ ደርሼ ዞርኩ፣ ነዳጁ በቅቶኝ ተመልሼ አሁን ማረፌ ነው። ቢራው ቀርቶባቸው ጓደኞቼ አኩርፈዋል በሏት!"

ታቴ ሺቮሎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"በዚህ ስም የሚጠራ ሰው እዚህ የለም" አሉ። "ሜሜ ንዳሃፋን ከሆነ አቀርብልሃለሁ።"

ስልኩን ሰጧት። እሷ እያለቀሰች ወንድሟን ስትሰድበው፣ እሳቸው የፈረመችበትን የጠዋቱን ሥዕል አውጥተው ፊቷ ዘረጉና እርሳሱን አጠገቡ አስቀመጡላት።