ለሚመጣው ትውልድ የተመደበ ቃል

የማነ ልጁን ፍሬአብን ከቀበረ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ልጁ በሠላሳ ዓመቱ፣ ሳይታመም፣ ልቡ ቀጥ ብሎ ነው የሞተው። የማነ አላለቀሰም። በአርባው ማግስት ዌስትቼስተር የሚባለው ሰፈር ወዳለ የሚሠራበት ሆቴል ተመልሶ ከኤርፖርት እንግዳ የሚያመላልሰውን ቫን መንዳቱን ቀጠለ። ሚስቱ እታገኘሁ "ድንጋይ ሆንክብኝ" ስትለው የቫኑን ቁልፍ አንሥቶ ይወጣል። ምሳውን በልቶ ይነሣል፤ የበላው ምን እንደነበር ቢጠየቅ አያውቅም።

ሴት ልጃቸው ፍሬሕይወት ያገባችው ኬቨን ጂን የሚባል የቻይና ተወላጅ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው፣ ወንድ መሆኑ የታወቀው፣ ሊወለድ ሁለት ወር ሲቀረው የኬቨን አያት "በስሙ ሳንነጋገር አይወለድም" አሉ። አንድ እሑድ ከሰዓት ሁሉም ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ተሰበሰቡ።

የሰማንያ ስድስት ዓመቱ ሽማግሌ ትሪው እስኪነሣ ጠብቀው በጨርቅ የተጠቀለለ ደብተር አወጡ። የሚናገሩትን ኬቨን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል። ዘራቸው ቻይናን በመጨረሻ ከገዛው ንጉሣዊ ቤት ነው፤ ዙፋኑ ሲወድቅ ጂን የሚለውን የቤተሰብ ስም ያዙ፤ ወርቅ ማለት ነው። በዚያ ቤት አባት ለልጁ ደስ ያለውን ስም አያወጣም። ለየትውልዱ አንድ አንድ ቃል አስቀድሞ ተመድቧል። በአንድ ትውልድ የተወለዱ ወንድሞችም፣ የአጎት ልጆችም ስማቸው በዚያው ቃል ይጀምራል፤ ለእያንዳንዱ የሚለየው የሚከተለው ሁለተኛ ቃል ብቻ ነው። የእርሳቸው ትውልድ ዩ ነው፤ የልጃቸው ሄንግ፤ የኬቨን ቺ።

"የሚወለደው ታኦ ነው" አሉ። "ቃሉ ሲመደብለት እኔ ራሴ ገና አልተወለድኩም ነበር።"

ፍሬሕይወት እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። "ሶሪ፤ እኔ ግን ዲሳይድ አድርጌያለሁ። ፍሬአብ ነው የሚባለው።"

እታገኘሁ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ሽማግሌው የተባለው ሲተረጎምላቸው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

"የሞተ አጎት ስም ለሕፃን አይሰጥም። ልጁን ከራሱ ረድፍ አውጥቶ አጎቱ ረድፍ ላይ ማስቀመጥ ነው።"

"አባዬ፣ አንተስ?" አለች ፍሬሕይወት።

"እንደፈለጋችሁ።"

"ሁልጊዜ እንደፈለጋችሁ! እኔ የምፈልገው አንተ አንድ ነገር እንድትል ነው።"

ይኼኔ ሽማግሌው ደብተሩን ባዶ ገጽ ላይ ገልጠው ከእስክሪብቶ ጋር ወደ የማነ ገፉት።

"የልጆችዎን ስም በራሳችሁ ፊደል ይጻፉልኝ።"

ፍሬሕይወት ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ፍሬአብ። ይህን ስም ለመጨረሻ ጊዜ የጻፈው የቀብር ፎርም ላይ ነበር። ጣቶቹን በረደው እንጂ ሌላ ነገር አልተሰማውም።

ሽማግሌው የሁለቱን ስሞች መጀመሪያ በጣታቸው ነኩ። "ይሄ አንድ ነው። እናንተም ዘንድ አለ ማለት ነው?"

"የለም። እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ እኅትና ወንድም መሆናቸው ከስማቸው እንዲታወቅ ብዬ።"

ሽማግሌው ገጹን ወደ ኋላ ገለጡና ሄንግ ከሚለው ረድፍ አንዱን ስም አሳዩት። "የበኩር ልጄ ነው። በስድስት ዓመቱ ኩፍኝ ገደለው። ከሱ በኋላ አራት ወለድኩ፤ አንዳቸውም ስሙን አልወሰዱም። ቦታው የሱ ነው።"

የማነ ጽሑፉን ማንበብ ባይችልም ዓይኑን ከላዩ አላነሣም። ከዚያ በአማርኛ፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣ "ሕይወትዬ፣ የአብዬን ስም አትስጪው" አላት።

"ለምን? እንዲረሳ ነው?"

"ፍሬአብ ተብሎ በተጠራ ቁጥር እሱ የመጣ መስሎኝ ዞሬ አያለሁ። ሕፃኑ ደግሞ ምን አጠፋ? ስሙ የአብዬ ነው፤ ይተውለት።"

እታገኘሁ ባሏን ትክ ብላ አየችው። ከቀብሩ ወዲህ ይህን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ፍሬሕይወት ግን ቦርሳዋን አንሥታ ወደ መኪናዋ ሄደች፤ ሦስት ሳምንት አልደወለችለትም።

በመጨረሻ ደወለች። "ኦኬ፣ ታኦ ይሁን። ሁለተኛውን ቃል ግን አንተ ትመርጣለህ፤ ሽማግሌው ተስማምተዋል።"

ኬቨን ቃላትን ከነትርጉማቸው በቴክስት ላከለት። የማነ እንግዶቹን እየጠበቀ፣ ቫኑ ውስጥ ተቀምጦ አነበባቸውና "አን" የሚለውን መረጠ፤ ሰላም ማለት ነው። ለምን እንደመረጠው ኬቨን ሲጠይቀው "አጭር ስለሆነ" አለ።

ታኦአን በኅዳር ተወለደ። ሆስፒታሉ ውስጥ ፍሬሕይወት ልጁን አባቷ ክንድ ላይ አስቀመጠችና የአባቷን ፊት አየች።

"ምን ተሰማህ?"

"እኔ እንጃ" አለ የማነ። እውነቱን ነበር። እታገኘሁ "እስቲ ለኔም ስጠኝ" ስትለው ግን አልሰማም፤ እንደገና እስክትጠይቀው ድረስ እንደታቀፈው ቆየ።