ቺፗና የስለቱ ጥላ

"ይርገጡት ጋሽ ገሰሰ! አይዘኑለት፣ ይርገጡት!" አለ መካኒኩ አብዱራሕማን ከጎኑ ተቀምጦ።

ገሰሰ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠው። አሮጌው ኦፔል ወደ ካራ የሚወጣውን ዳገት እስከ አጋማሹ ተንደረደረና፣ ከሞተሩ ውስጥ ድስት በማንኪያ የሚደበድቡ የሚመስል ድምፅ ተነሣ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ አንደኛ አስገባ። ምን ዋጋ አለው! እያቃሰተ ቀጥ አለ። ከኋላ የመጣ አይሱዙ ጥሩንባውን አንባረቀበትና አልፎት ወጣ።

አብዱራሕማን ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ቺፕ የሚሏት ጉድ የጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር ናት። የእነገሰሰ ጎረቤት ዘኪያ ናት ከዱባይ ያመጣችላቸው። መኪናው ኮምፒዩተር ላይ ስትሰካ የደከመ ሞተር ጉልበት ያገኛል ብለው አትላስ ሆቴል በር ላይ የሚቆሙት ሹፌሮች ሲያወሩላት ከርመዋል። በዘጠና ዓመተ ምሕረት ቦሌ ውስጥ የዱባይ ዕቃ ማን ይጠረጥራል? የገሰሰ ሚስት ፈለቀች የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋበትን ማሽን ሸጣ ገዛችለት። እሱ ሽጪ አላላትም። ግን ደግሞ ተይም አላላት፤ ይኼ ነው የሚያንገበግበው።

ከመሥሪያ ቤቱ በመዋቅር ተቀንሶ ከወጣ ወዲህ ያለው ሥራ የሆቴል እንግዳ ማመላለስ ብቻ ነው። ሆቴሉ ደግሞ ከነገ ወዲያ ሰኞ ጠዋት መኪኖቹን ይፈትናል፦ አራት ሰው ጭኖ እንጦጦ ያልወጣ ይሰናበታል። አለቀ።

"እንግዲህ እንዳይቀየሙኝ" አለ አብዱራሕማን እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "ቺፗ የተሠራችው ለሌላ አገር አየርና ለሌላ ቤንዚን ነው። እዚህ አየሩ ስስ፣ ቤንዚኑ ደካማ። ያ ባይሆንም እንኳ 'ጨምር' ብላ ታዛለች እንጂ ጉልበት ከየት ታመጣለች? የርስዎ ሞተር ውስጡ አልቋል።"

"ቢታደስስ?"

"ማደሻው ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። ወላሂ ላታልልዎት አልፈልግም።"

የመኪናውን የድሮ ቺፕ መልሶ ሰካና ቺፗን በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ ሰጠው።

ጉርድ ሾላ ቤቱ ሲደርስ ፈለቀች በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ አገኛት። "እህስ? ወጣልህ?"

ገሰሰ እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ። በትከሻዋ በኩል ወደ ቤት ውስጥ ሲያይ ማሽኑ የነበረበት ቦታ ባዶውን ነው፤ የእግሮቹ ምልክት ሊሾው ላይ ቀርቷል።

"ወጣ" አለ። "እንደ ጉድ ወጣ።"

"እልልል! እሰይ የኔ እናት!" ብላ ወደ ውስጥ ሮጠች። ስትመለስ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋለች። ፈታችው። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንዠረገገበት የቤተ ክርስቲያን ጥላ። "ማሽኑን ከመሸጤ በፊት የሰፋሁት የመጨረሻ ሥራዬ ነው። መኪናው ጉልበት ካገኘ ብዬ ለእንጦጦ ማርያም ተስያለሁ። ነገ አንተው ታደርሰኛለህ።"

ገሰሰ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

በማግሥቱ እሑድ ሽሮ ሜዳን አልፈው ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ዳር ይዞ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ።

"ምነው? ውጣ እንጂ።"

"አይወጣም ፈለቁ።"

"ትናንት ወጣ አላልከኝም?"

"ዋሸሁሽ።" ጋዜጣውን ከኪሱ አውጥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። "አልሠራችም። ሞተሩ አልቋል። ነገም አይወጣም።"

ፈለቀች ጋዜጣውን ገልጣ ቺፗን በጣቷ ነካ አደረገቻት።

"ማሽኑን የገዛሽ ሰውዬ ይመልስልን ይሆን?" አላት።

"ለክፍለ ሀገር ነጋዴ አሳልፎታል። ሰምቻለሁ።"

ነጠላ የለበሰ ምእመን በመስኮቱ አጠገብ ሽቅብ ያልፋል።

"ተመለስ በቃ" አለች በመጨረሻ። "ስለቴ ካልሰመረ ምን ብዬ እገባለሁ?"

ገሰሰ ቁልፉን ሊያዞር እጁን ሰደደና ተወው። ከፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሆቴሉን መለያ ወረቀት በጥፍሩ ፍቆ ላጠው፤ ጨመደደውና በመስኮቱ ወረወረው። ከዚያ ወርዶ በሷ በኩል በሩን ከፈተና ጥላውን ከእቅፏ ወሰደ።

"ነይ ውረጂ።"

"ስለቴ ሳይሰምር?"

"ሳይሰምር። ቤት ይዘነው ከተመለስን በየቀኑ ልናየው ነው። እኔ አልችልም።"

ጥላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ዳገቱን በእግሩ ጀመረው። ፈለቀች ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችው። ጥቂት እንደሄዱ ዞር አለች።

"የመኪናውን በር እኮ አልቆለፍከውም።"

"አውቃለሁ" አለ ገሰሰ፣ ወደ ኋላ ሳያይ።