መምህር ዝለሉት

ተማሪዎቹ «መምህር ዝለሉት» ብለው ስም ያወጡለት በክፋት አልነበረም። የሒሳብ መምህሩ የምርጫ ጥያቄ ፈተና በደረሰ ቁጥር ጠመኔውን እያወዛወዘ የሚሰብከው ያንኑ ስለነበር ነው። «ያላወቃችሁትን ዝለሉት! ከአንዷ ጥያቄ ጋር ተናንቃችሁ የሃያውን ጊዜ አትብሉ። መጀመሪያ የምታውቁትን ልቀሙ። ከአራቱ ምርጫዎች ቂል የሆኑትን ሁለቱን ጣሉ። ስትዘሉ ግን በመልስ ወረቀቱም ላይ መስመሩን ዝለሉ፤ አለዚያ የጎረቤታችሁን ቤት ነው የምትቀቡት!» በዚህ ምክር ስንቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ። መምህሩ ራሱ ብቻ ነው እዚያው ጠመኔ ሲያራግፍ የቀረው።

ሌላም የሚታወቅበት ነገር አለ፤ ፈተና ላይ ዘመድ አያውቅም። አንድ ጊዜ የእህቱን ልጅ ሲኮርጅ ይዞ እያስለቀሰ ከክፍል አስወጥቶታል። እህቱ «ለሥጋህ የማታዝን ድንጋይ!» ብላ ሰድባው ነበር፤ ዛሬም ስትስመው በጉንጯ ጫፍ ነው። እሱ ግን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ ንቅንቅ የለም። ፀጉር ሠሪዋ ሚስቱ ለደንበኞቿ ስታወራ «የኔ ባል ቢዋሽ ምላሱ ይተሳሰራል» እያለች ታፌዝበታለች። ስታፌዝ ኩራቷ ያስታውቃል።

አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ሚጡ። ከጥርስ ሐኪምነት ሌላ ሕልም የላትም። ሰው ሲያዛጋ ካየች አንገቷን አስግጋ አፉ ውስጥ የምታይ ጉደኛ ናት። የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚሰጥ አባትና ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አልተነሱም ማለት ይቻላል። እሱ ጥያቄውንና ምርጫዎቹን ያነባል፤ እሷ ሁለቱን ትጥልና ከቀሩት አንዱን ታነሳለች። ስትሳሳት አንድም ቃል አይናገርም፤ ቅንድቡን ብቻ ከፍ ያደርጋል። ያኔ «ቆይ፣ ቆይ!» ብላ ታርማለች። እናቷ «ይቺ ልጅ ከደብተር ይልቅ ከቅንድብ ነው የተማረችው» እያለች ትስቅባቸው ነበር።

የፈተናው ቀን ደረሰ። መምህሩ ፈታኝ ሆኖ ሲመደብ ከልጁ ክፍል እንዲያርቁት ራሱ ለምኖ ነበር። ሒሳቡ እየተሰጠ ሳለ ግን የእሷ ክፍል ፈታኝ ሆዱን ቆርጦት ተጣጥፎ ወጣ። የፈተናው ኃላፊ መምህሩን ከነበረበት ክፍል ወደ ኮሪደሩ ጎትቶ አወጣው።

«እናንተ ክፍል ፈታኞቹ ሁለት ናችሁ፤ አንተ እዚያ ግባልኝ።»

«ልጄ አለችበት እኮ!»

«አውቃለሁ። የእህትህን ልጅ ያስወጣህ ሰውዬ! አንተን ካላመንኩ ማንን ልመን?»

ገባ። ሰውን ገደል የሚከተው ስድብ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምስጋናም አንዳንዴ ያው ነው።

ሚጡ መስኮቱ አጠገብ አቀርቅራ ትጽፋለች። ከወረቀት መገለጥ ሌላ ድምፅ አይሰማም። መምህሩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በወንበሮቹ መካከል ሲያልፍ አጠገቧ ደረሰ። ላያይ ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር፤ ዐይን ግን መቼ ይታዘዛል! በጥያቄው ወረቀት ላይ ሃያ አንደኛዋን ጥያቄ በእርሳስ ከብባታለች። ዘልላታለች ማለት ነው፤ እንዳስተማራት። በመልስ ወረቀቱ ላይ ግን ባዶ መስመር የለም። የሃያ ሁለተኛው ጥያቄ መልስ በሃያ አንደኛው መስመር ላይ ጠቁሯል፤ የሃያ ሦስተኛው በሃያ ሁለተኛው ላይ፤ እንዲያ እንዲያ እያለ እስከደረሰችበት ወርዷል። የምታውቀውን ሁሉ በትክክል መልሳ፣ ሁሉንም የሰው ቤት አስገብታዋለች።

እግሩ መሬቱ ላይ ተተከለ። «መስመሩን» ቢላት ይበቃል። ጉሮሮውን ቢጠርግም ትነቃለች። ከሁሉም ከሁሉም፣ ያቺን ቅንድብ ብቻ ቢያነሳት! ግን ያን የእህቱን ልጅ እያስለቀሰ ያስወጣ ሰው ለራሱ ልጅ ሊጠቁም ነው? በክፍሉ ያሉት ሌሎቹስ ልጆች አባት የላቸውም? ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ሚጡ እርሳሷን አቁማ ቀና አለች። ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ። ፊቱን ግድግዳ አስመስሎ አለፋት።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የነቀዘ ዝምታ ያልቀመሱ ናቸው እንዲህ የሚሉት።

አንድ ተስፋ ቀርቶት ነበር፤ ወደ ዘለለቻት ጥያቄ ስትመለስ ባዶ መስመር ታጣለች፤ ያኔ ይገባታል። ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆሞ «ፍጠኚ፣ የኔ እናት፣ ፍጠኚ» እያለ በሆዱ ለመነ። እሷ ግን የምትሠራውን አጥርታ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ያሳደጋት ራሱ ነው። ዘግይታ ተመለሰች። መስመሩን ፈለገች፣ አጣች። ጣቷን እያስኬደች ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ ታች ወረደች። ፊቷ አመድ መሰለ። ላጲሷን አንስታ ወረቀቱን ታሸው ጀመር።

ኃላፊው በበሩ ብቅ ብሎ ሰዓቱን አሳየ። ማለቁን ማወጅ የፈታኙ ሥራ ነው።

«እርሳስ አስቀምጡ» አለ መምህሩ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

ወረቀት እየሰበሰበ እሷ ዘንድ ሲደርስ በሁለት እጇ ይዛዋለች። «አባዬ፣ ትንሽ… እባክህ» አለችው በሹክሹክታ። ሳብ አደረገው። ለቀቀችው። ግማሹ ጠፍቶ፣ ግማሹ ተሳስቶ፣ በላጲስ ብናኝ እንደቆሸሸ ከሌሎቹ ላይ ደረበው።

ወደ ቤት በእግራቸው ሄዱ። ብዙ ከተጓዙ በኋላ ነው የተናገረችው።

«መሃል ላይ ጠርጥሬ ነበር እኮ፣ አባዬ። መስመር የሳትኩ መሰለኝ። ልቆጥረው ስል አንተ መጣህ። ቀና ብዬ አየሁህ፤ ቅንድብህ አልተነሳም። ‹በቃ ልክ ነኝ› ብዬ ቀጠልኩ።»

እሱ እኮ ዝም ያለ መስሎት ነበር! ለካስ ዝም ማለቱ ለእሷ መልስ ነበር፤ ያውም የተሳሳተ መልስ።

«አላየኸውም፣ አይደል?» አለችው።

ይህቺ ጥያቄ አትዘለልም። «አይቼዋለሁ» አለ።

ቆመች። የሰው አጥር ብረት ጨበጠች። ብትሰድበው፣ ብትመታው በወደደ ነበር። አላለቀሰችም።

«እማዬ ካወቀች መቼም ይቅር አትልህም» አለች በመጨረሻ። «ከጠየቀችህ አላየሁም በላት።»

«እንዴት ብዬ እዋሻታለሁ፣ ሚጡዬ?»

«ለኔ ብለህ። አንድ ጊዜ እንኳ ለኔ ብለህ።»

እናትየው የፀጉር ቀለም የነካውን እጇን ሳትታጠብ በሩን ከፈተች። ሚጡ አልፋት ገብታ የመኝታ ቤቱን በር ዘጋች።

«ምን ሆነች ልጄ?»

«መስመር ስታለች። የመልስ ወረቀቱ ላይ።»

«ወይኔ ልጄን!» ደረቷን በቀለማም እጇ ያዘች። «እሷ ክፍል አስገቡህ ብላ አንዷ ደንበኛዬ ነግራኝ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር። አጠገቧ ሆነህ አላየህም?»

የተዘጋው በር ጀርባ ሚጡ እየሰማች እንደሆነ ያውቃል።

«አላየሁም» አለ። ምላሱ አልተሳሰረም።

«ብታይማ ኖሮ…» ብላ ግንባሯን ትከሻው ላይ ጥላ አለቀሰች። አልተጠራጠረችውም፤ ባሏ ዋሽቶ አያውቅማ።