የተጠቀጠቀው ቦይ

እኔን የሚጠይቀኝ የለም። የባቡር መሥሪያ ቤቱ ሰዎች አምስት ጊዜ መጥተዋል፤ አምስቱንም ጊዜ በራፌ ላይ ቆመው፣ ፊደል የቆጠረ ሰው ቤት ውስጥ አለ ወይ ይሉኛል። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የተማረ መርጦ ነው እንዴ?

ከጓሮዬ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ፈጣን ባቡር ያልፋል። ድምፁን ለምጄዋለሁ፤ ንዝረቱ ነው ያስመረረኝ። በመሠረቱ ይገባና በግድግዳው ሽቅብ ወጥቶ አልጋው ድረስ ይዘልቃል። አልጋው ላይ ባሌ ተኝቷል። ዳሌው ከተሰበረ ሁለት ወሩ ነው፤ ሐኪሙ አጥንቱ እስኪገጥም ንቅንቅ እንዳይል ብሎታል። ባቡሩ ግን ሐኪም አይሰማ፤ በቀን አሥራ አራት ጊዜ ይነቀንቀዋል። ሽማግሌዬ በሰው ፊት አልጮህም ብሎ ትራስ ይነክሳል።

ለነገሩ መላ ተገኝቶለት ነበር። በሐዲዱና በቤታችን መካከል ከሰው ቁመት በላይ የጠለቀ ቦይ ቆፍረው የጎማ ፍርፋሪ ሞሉበት። ሥራውን የምትመራው መሐንዲስ ለጎረቤቴ ልጅ ስታስረዳ ሰማኋት፤ ንዝረቱ ልል ነገር ላይ ሲደርስ አቅም ያጣል አለች። እውነቷን ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባሌ እንቅልፍ ጠገበ።

ከዚያ ንዝረቱ ተመለሰ። ቢሯቸው ሄጄ ተናገርኩ። መሣሪያቸውን አምጥተው ደጄ ላይ ተከሉና፣ ቦዩ በፕላኑ ወረቀት ላይ እንዳለው ተሠርቷል፣ ቤቱ አርጅቶ ነው አሉኝ። ይህን ሲሉ እኔን እያዩ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ዶማዬን ይዤ ወረድኩ። ቦዩን ብመታው ዶማው ጮኾ ነጠረ። ጎማ መቼ ይጮኻል? አንድ ክንድ ያህል ቆፈርኩ፤ እንደ ወለል የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ፣ ጠጠርና አፈር ነው። መሐንዲሷን አስጠራኋት። ቦዩን ያስቆፈረው ፎርማንም ተከትሏት መጣ። ወረቀቷን ገልጣ ጎማ ነው የሚለው አለች፤ ጉድጓዱን አየች፤ ደግማ ወረቀቷን አየች።

ፎርማኑ አላፈረም። ጎማውን አስወጥቶ በገረጋንቲ እንደሞላው፣ ሦስት ጊዜ በማሽን እንዳስጠቀጠቀው፣ በቤታችን ትይዩ ያለውን ሁሉ እንደጨረሰው በኩራት ተናገረ። ማሽኑ ሲያጓራ እኔም ሰምቼ ነበር፤ ሥራቸውን የሚያጠናቅቁ መስሎኝ ነው። መሐንዲሷ ማን አዘዘህ ብትለው ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ ናቸዋ። እግሬ ሰመጠ ብለው ሰድበውኝ የለ?»

እውነት ነው፣ ሰድቤዋለሁ። ጎማው ላይ ስሻገር እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰምጬ አንድ ጫማዬ እዚያው ቀርቶ ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝን ሁሉ ለቀቅኩበት።

«መሻገሪያ ሳንቃ ጣልልኝ አልኩህ እንጂ ድፈነው አልኩህ?»

ከሠሩ አይቀር ጠንካራ ይሁን ብዬ ነው አለ። ሃያ ዓመት መሠረት ሲያስጠቀጥቅ የኖረ ሰው፣ ልል ነገር ትቶ መሄድ ነውር መሰለው። ክፋት የለበትም፤ ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር፣ ልክ ልኩን ነግሬው ይወጣልኝ ነበር። አሁን ግን በማን ልናደድ? በራሴ አፍ ነው ባሌን ያስነቀነቅኩት።

መሐንዲሷ ሪፖርት እንደምትጽፍ፣ ፈቃድ እንደሚጠየቅ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ ነገረችኝ። ንግግሯን ሳትጨርስ ባቡሩ መጣ። የቆምንበት መሬት ራደ። በመስኮቱ ባሌ ይታየን ነበር፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትራሱን ነክሶ ይዟል።

«ልጄ፣» አልኳት፣ «ደብዳቤሽን ነገ ትጽፊያለሽ። አንተ ደግሞ ሰዎችህን ጥራና ገረጋንቲውን አሁኑኑ አስወጣ። ጎማውን የት እንደከመርክ ታውቃለህ፤ ወደ ቦታው መልስ። ሳንቃም አልፈልግ፣ ዞሬ እሄዳለሁ። እስክትጨርሱ ግን ከዚህ አፋፍ ንቅንቅ አልልም። ወንበር አምጡልኝ።»