ቃሏን እስክትጨርስ

ልብስ ሰፊዋ አፏን ዘግታ መዋል የማይሆንላት ሴት ነበረች። የስፌት መኪናዋን በእግሯ እየመታች፣ መርፌ በከንፈሯ ነክሳ እንኳ ታወራለች። ደንበኛ ምን ዓይነት ቀሚስ እንደሚፈልግ ተናግሮ ሳይጨርስ፣ እሷ ጨርቁን ዘርግታ ኪሱ የት እንደሚሆን ወስናለች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ ሚጣ ደግሞ ትንተባተባለች። ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ሲቀርባት ዓይኗን ጨፍና፣ አገጯን ቀና አድርጋ ትታገለዋለች። እናት ሆዬ መቼ ትጠብቃለች! «ውሃ ነው? ዳቦ ነው? እንኪ» ብላ ትገላግላታለች። እሷ ቤት ይህ ፍቅር ነው።

አንድ ሰኞ ሚጣ የዩኒፎርሟ እጅጌ ከትከሻው ተላቅቆ መጣች። ሚስማር ያዘኝ አለች። ሐሙስ ሌላኛው እጅጌ ተላቀቀ፤ አሁንም ሚስማር። ልብስ ሰፊዋ ልጇን ታምናለች፤ ልብስን ግን ይበልጥ ታምናለች። ሚስማር የያዘው ልብስ ጨርቁ ይቀደዳል። እዚህ ግን ጨርቁ ደህና ነው፤ የተተረተረው ስፌቱ ነው፣ ያውም ከጀርባ በኩል ጀምሮ። ከኋላ ጨምድዶ የጎተተ እጅ እንጂ ሚስማር እንዲህ አያደርግም። መኪናዋን አቆመች። ሱቋ ያን ያህል ጸጥ ካለ ስንት ዓመቱ!

ሚጣ ተናገረች። እናቷ አንዱን ቃል ስትቀድማት፣ ሌላውን ስትገምትላት፣ ነገሩ እየተቆራረጠ ወጣ። ሦስት የክፍሏ ልጆች ናቸው። አነጋገሯን እያስመሰሉ ይስቁባታል፣ ልታመልጥ ስትል በእጅጌዋ ይጎትቷታል። ሦስት ወር ሙሉ። ልብስ ሰፊዋ ይህችን አንድ ፍሬ ልጅ አየቻት። በየጠዋቱ ቦርሳዋን አንግታ፣ በሩ ላይ ዞር ብላ እጇን እያወዛወዘች የሄደችው ወደዚያ ነበር ለካ። ይህን ሁሉ ሆዷ እንዴት ቻለው? ተገረመች፤ ከመገረምም አልፋ የገዛ ልጇን ፈራቻት።

ሜካኒክ የሆነው የሚጣ አጎት ከጋራዥ ሲገባ ነገሩን ሰማና ደሙ ፈላ። የእጁን ግራሶ እንኳ ሳይታጠብ ሦስቱንም በጆሯቸው አንጠልጥሎ ሊያመጣ ተነሣ። እናት ደግሞ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብታ በምላሷ ልትለበልባቸው አሰበች። እኔ ልሂድ፣ እኔ ልሂድ ሲባባሉ ሚጣን ዞር ብሎ የጠየቃት የለም።

«እ…እኔ» አለች ሚጣ።

እናቷ ፈርታ መስሏት ልታጽናናት ጀመረች። ሚጣ ራሷን ወዘወዘችና እንደገና ሞከረች። ጊዜ ወሰደባት፣ ግን አወጣችው።

«እ…እኔ ልናገር። አንቺ አ…አጠገቤ ተቀመጪ። እንዳትናገሪልኝ፣ እማዬ። ከተናገርሽልኝ ሁ…ሁለተኛ ትምህርት ቤት አልሄድም።»

አጎቷ ተመልሶ ተቀመጠ። ልጅቷ ቀልድ እንዳልያዘች ሁለቱም ገብቷቸዋል። እናት እሺ አለች፤ እሺታው ምን ያህል እንደሚከብዳት ግን ገና አላወቀችም።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ተቀበሏቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ብቻ ሰዓታቸውን ማየት ያበዛሉ። ሚጣ የመጀመሪያውን ቃል ጀመረች፣ ተያዘባት። ልብስ ሰፊዋ ቃሉን ታውቀዋለች፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች። አንዲት ቃል የዚህን ያህል ትረዝማለች ብላ አስባ አታውቅም።

«መቱሽ ነው? ሰደቡሽ?» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ሊያግዟት ብለው።

ልብስ ሰፊዋ መዳፏን አነሣች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትጨርስ» አለች። ከሰላምታ ሌላ እዚያ ቢሮ ውስጥ የተነፈሰችው ይህንኑ ብቻ ነው።

ሚጣም ጨረሰች። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። የትኛው ልጅ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ደረጃ ሥር ምን እንዳደረገ አንድም ሳታስቀር፣ አንድም ሳትጨምር ተናገረች። ሦስተኛው ልጅ ግን አንድ ቀን የወደቀ ደብተሯን አንሥቶ እንደሰጣት፣ ሌሎቹን ፈርቶ እንደሚከተላቸው፣ ስለዚህ እሱን ለብቻው እንዲያነጋግሩት ጠየቀች። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን ረስተው ይጽፋሉ። እናት አፏን ከፍታ ቀረች። እንዲህ ያለች ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አብራት ስትኖር፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትሰማት ኖራለች።

ዳይሬክተሩ ሦስቱንም ከነወላጆቻቸው ዛሬውኑ እንደሚጠሩ ተናገሩ። ከዚያ ከሁሉ የከፋብሽ የቱ ነው ብለው ጠየቋት። አሁን አልቸኮሉም።

«መ…መጎተቱ አይደለም» አለች ሚጣ። «ስ…ስሜን ስጀምር እነሱ ይጨርሱታል። ሁሉም ሰው ይ…ይጨርስልኛል። እኔ ጨርሼው አላውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። ሐኪም ቤትም፣ ጎረቤት ዘንድም፣ ትምህርት ቤት ስትመዘገብም፣ ልጅቷ ስምሽ ማነው በተባለች ቁጥር የምትመልሰው እሷ ነበረች።

ዳይሬክተሩ የወረቀቱን አናት አዩ፤ የስም ቦታው ባዶ ነው። ብዕራቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው ሚጣን ተመለከቷት፤ ጠበቁ። ሚጣ ዓይኗን ጨፈነች፣ አገጯን ቀና አደረገች። የመጀመሪያው ፊደል መጣ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ መጣ። ማንም አልረዳትም። ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ውጣ አዳመጠች፤ ራሷ ያወጣችውን ስም ከልጇ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማችው።