ለቀይ ቀለም የተተወ ቦታ

የኔታ ልመንህ ብራናውን በበሩ ሳንቃ ላይ በሲባጎ ወጥረው፣ ብዕራቸውን ከቀዩ ቀለም ነክረው «ማርያም» ብለው ሊጽፉ ገና «ማ»ን ሲጀምሩ፣ ቀለሙ ቁልቁል ሮጠ። ሦስት መስመር ጥቁር ጽሕፈት አቋርጦ ከኅዳጉ ላይ ቆመ። በመዳፋቸው ሊጠርጉት ቢሞክሩ ጭራሽ አሰፉት።

«አበስኩ ገበርኩ!» አሉ።

የሰማቸው አልነበረም። ሚስታቸው ውዴ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከአርብ ገበያ በላይ ባለው በዚህ ቤት የኔታ ከራሳቸው ጋር ማውራት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ሲገሥጹም፣ ሲያጽናኑም፣ አንዳንዴ ሲኳረፉም ከራሳቸው ጋር ነው።

አርባ ዓመት ብራና ሲጽፉ ጠረጴዛ አያውቁም። ቁም ጸሐፊ ጉልበቱን አቁሞ፣ ብራናውን እዚያው ላይ አድርጎ፣ አቀርቅሮ ነው የሚጽፈው። ጉልበቱና ብዕሩ ካሉት ማንንም አይለምንም። የኔታ በሙያቸው ከሁሉ የሚኮሩበት ይህ ነበር። ሥርዓቱ ደግሞ ጥቁሩ ቀለም አስቀድሞ ያልቃል፤ የእመቤታችንና የቅዱሳኑ ስም የሚገባበት፣ ከመጨረሻው የብራና ቅጠል ላይም የመጽሐፉ ባለቤት የክርስትና ስም የሚገባበት ቦታ ባዶውን ይቆይና በስተመጨረሻ በቀይ ይሞላል። በየኔታ እጅ ያለው ዳዊት ጥቁሩ ካለቀ ዓመት አልፎታል። ባዶዎቹ ግን እንዳሉ ናቸው። መጽሐፉ ጥርሱ የረገፈ አፍ መስሏል።

መጀመሪያ የደነዘዘው አውራ ጣታቸው ነው። ከዚያ ከትከሻቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ እሳት ይወርድባቸው ጀመር። ጠበል ገቡ። ወጌሻ ጠሩ፤ ወጌሻው አንገታቸውን ይዞ ሲያዞረው ቀኝ እጃቸው ጭራሽ ዛለ። ባሕር ዳር ሲሄዱ ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መብራቱ አንሥቶ አሳያቸው።

«በአንገትዎ አጥንቶች መሐል ያሉ ሁለት ዲስኮች ተበላሽተዋል፣ አባቴ። ወደ እጅዎ የሚወርደውን ነርቭ ተጭነውታል። እነሱን እናወጣና ሦስቱን አጥንቶች በብረት እናያይዛቸዋለን።»

«እጄ ይመለሳል?»

«ይመለሳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። አንገትዎ ግን እንደ ድሮው አይታጠፍም። ጉልበት ላይ አቀርቅሮ መጻፍ ከእንግዲህ የለም፤ የተረፉትንም ያበላሽብዎታል።»

የኔታ የሰሙት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። እጃቸው እውነትም ተመለሰ። ቀዶ ጥገናው ከተደረገላቸው ይኸው ሁለት ወር ሆኗቸዋል፤ ብዕር ይይዛሉ፣ ቁልፍ ይቆልፋሉ። ዓይናቸው ግን ጉልበታቸው ላይ አልደርስ አለ። ብራናውን ጣውላ ላይ ወጥረው መደብ ላይ ከገብስ ጆንያ ጋር አስደግፈው ሞከሩ፤ ተንሸራተተ። ተጋድመው ሞከሩ። ዛሬ በሩ ላይ ወጠሩት። እጅ እያላቸው መጻፍ አለመቻላቸው ከሕመሙ በላይ አቃጠላቸው።

ውጭ ኮቴ ተሰማ። የኔታ ዘወር ለማለት እንደ በር መላ ሰውነታቸውን ማዞር ነበረባቸው።

«አባ!» አለች ጽጌረዳ፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ልብስ ሰፊ የሆነች አንድያ ልጃቸው። በእጇ ባዶ ሻንጣ ይዛለች። ዓይኗ በሩ ላይ ሲያርፍ ክው አለች። «ምንድን ነው ይኼ? ደም ነው?»

«ቀለም ነው። ምን አመጣሽ?»

«ልወስድዎት ነዋ። መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል።»

«ሥራ አለብኝ።»

«በዚህ አንገት?»

«የምጽፈው በእጄ ነው።»

ጽጌረዳ ሻንጣውን ከፈተች። የአባቷን ጋቢ፣ ሁለት ቀሚስና የመድኃኒቱን ፌስታል ወደ ሻንጣው ትከት ጀመር። በየመሐሉ ቀና እያለች አንገታቸውን ከአገጭ እስከ ትከሻ የያዘውን ድጋፍ ታያለች። ድጋፉ ሥር ከፊት በኩል ቀጭኑ ጠባሳ ብቅ ብሏል። እሷ የደረሰችው ቁስሉ ተሰፍቶ ካበቃ በኋላ ነበር።

«ሆስፒታል የቅርብ ቤተሰብ ስም ሲጠይቁዎት ማንም የለኝም ብለዋል» አለች፣ ጀርባዋን እንደ ሰጠች።

የኔታ ብዕራቸውን ጠረጉ።

«አድማሱ ነው የነገረኝ፤ ከጎንዎ አልጋ ወንድሙን ያስታምም የነበረው የእስቴ ሰው። ከስልክዎ ቁጥሬን አግኝቶ በአራተኛው ቀን ደወለ። 'ልጅ እንዳላቸው አላወቅሁም፣ እህቴ፤ እኔ ፈረምሁላቸው' አለኝ። እኔኮ የግማሽ ቀን መንገድ ነው ያለሁት፣ አባ። አንገትዎ ሲቀደድ ባዕድ ፈረመልዎት።»

«ሥራ እንዳላስፈታሽ ብዬ ነው።»

«እውነቱን ይንገሩኝ።»

የኔታ መደቡ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እውነቱን ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ ለራሳቸውም ቢሆን አፍ አውጥተው አላሉትም።

«እጄ ማንኪያ ማንሣት አቅቶት ነበር። በሰው እጅ ስጎርስ እንድታዪኝ አልፈለግሁም።»

«ታዲያ ማን አጎረሰዎት?»

«አድማሱ» አሉ።

ጽጌረዳ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። አባትና ልጅ እየተያዩ መላቀስ ስለማያውቁበት ጫፉ እዚያው ቆየ። ጫፉን ስትለቀው መደቡ ላይ የተደረደሩትን ቅጠሎች ለመጠቅለል ጎንበስ አለች።

«ይኼ ዳዊት የማን ነው? አምናም ጠይቄዎት አልነገሩኝም።»

«ባለቤቱ አልመጣም።»

«ገንዘብ አልከፈለም ማለት ነው?»

«አላዘዘም።»

ያዘዘው የለም። ሰው ከባሕር ዳር የታተመውን መግዛት ከጀመረ ወዲህ ብራና የሚያዝ ጠፍቷል። የኔታ ይህን ዳዊት የጀመሩት ጽጌረዳ የስፌት መኪናዋን ጭና ንፋስ መውጫ የገባች ሰሞን ነው። ያን ቀን ደኅና ሁኚ እንኳ በቅጡ አላሏትም፤ አቀርቅረው ይጽፉ ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ቅጠል ሲጽፉ የሚያስቡት እሷን ነው። ሆኖም ሳይጨርሱ መናገር እንደ መለመን መሰላቸው። አንድ ስም ለመጻፍ ይህን ያህል ዘመን ይፈጃል ብለው አላሰቡም።

«አባ፣ ስምንት ተኩል ሆኗል። እንነሣ።»

የኔታ ወደ በሩ፣ ወደ ፈሰሰው ቀለም አዩ። ያ ቅጠል ይፋቃል፤ ብራና መፋቁን ይችላል። ከዚያ ጉልበታቸውን ዳበስ አደረጉት። አርባ ዓመት ያገለገላቸው ጉልበት ከእንግዲህ ለመራመጃ ብቻ ነው።

«ጽጌረዳ።»

«አቤት።»

«ያንን ጣውላ አምጪና ከፊቴ ተቀመጪ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያዢልኝ።»

ልጅቱ እንዳልሰማ ሰው ቆመች። አባቷ ጨው አቀብይኝ ከማለት እንኳ ራሳቸው ተነሥተው የሚያመጡ ሰው ናቸው። ከዚያ ጣውላውን አንሥታ በርጩማው ላይ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠችና ከደረታቸው ትይዩ ያዘችው።

«ከፍ አድርጊው። ወደኔ ጋደም... እሱ በዛ። እ፣ እንዲያ!»

ሥርዓቱ የእመቤታችንን ስም ማስቀደም ነው። የኔታ ይቅር በይኝ ብለው አማተቡና የመጨረሻውን ቅጠል ጣውላው ላይ በሲባጎ ወጠሩ። ብዕራቸውን ነክረው በባለቤቱ ቦታ ላይ ቀስ ብለው ጻፉ፤ ወለተ ጻድቅ። ካህኑ በሰማንያ ቀኗ ሲያጠምቋት ጽጌረዳን የሰየሟት የክርስትና ስሟ ነው። ቀለሙ አልፈሰሰም።

ልጅቱ ከጣውላው ጀርባ ስለሆነች አታይም።

«ማንን ጻፉ?»

«አትነቃነቂ፤ ገና አልደረቀም።»

ከታች ከመንገዱ የመኪናው ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

«አባ፣ መኪናው...»

«ይሂድ። ነገ እንሄዳለን» አሉ የኔታ፣ ብዕራቸውን እንደገና እየነከሩ። «ጣውላውን እንዳትረሺ።»